ከፎቅ የሚወርድ ኮቴ

የሰደበችኝ አከራዬ ዶኛ ሆቪታ ናት። ቀኑ የቅዱስ ዮሴፍ ዕለት፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ነበር። ቦታው የቤቷ ደረጃ፣ ከታች ሦስተኛው እርከን። አሬፓ፣ የበቆሎ ቂጣ፣ እያዞረች የምትሸጠው ሴትዮ ቅርጫቷን ይዛ በር ላይ ቆማ ስለነበር ምስክር አለኝ። የቅዱስ ዮሴፍ ዕለት የአናጺዎች በዓል ነው። እኔም አናጺ ነኝ። ነጭ ሸሚዜን ለብሼ ቅዳሴ ልሄድ ስወርድ ነው ያስቆመችኝ።

«አንተ፣» አለችኝ፣ «የበቅሎ ነጂ ልጅ መሆንህን መቼ አጣሁት። ግን ክፍል አከራየሁ እንጂ ጋጣ አከራየሁ እንዴ? ኮቴህ ኮርኒሴን ሊያወርደው ነው እኮ።»

አሬፓ ሻጯ ሳቀች። አልያዝኩባትም። በጠዋት ሸክም ይዞ ዳገት የወጣ ሰው በምን እንደሚስቅ አይመርጥም።

ከዶኛ ሆቪታ ኋላ ግን ልጇ ኖራልባ የተማሪዎቿን ደብተር አቅፋ ቆማ ነበር። እኔ ያየሁት እሷን ነው። «እማዬ፣ ይተዉ» ብትል ይበቃኝ ነበር። ሁለት ቃል። እሷ ዓይኗን ጫማዋ ላይ ጣለች። የእናቲቱ ስድብ ጆሮዬ ላይ ቀረ፤ የልጂቱ ዝምታ ግን ወደ ውስጥ ገባ፣ እስከ ዛሬም አልወጣም።

ዶኛ ሆቪታን እዚህ ወረቀት ላይ «አለች» ስላት ባለጌ እንዳልባል። ፊት ለፊት ሁልጊዜ እርስዎ ነው የምላት። እሷ ግን ቤቷ ከገባሁበት ቀን ጀምሮ፣ የአርባ ስድስት ዓመቱን ሰውዬ፣ አንተ ትለኛለች። እኛ ከተማ ባልና ሚስት እርስዎ ተባብለው ነው የሚያረጁት። አባቴ እናቴን ዓይኗን በእጁ እስከከደነበት ቀን ድረስ እርስዎ ነው ያላት። አንተ የሚባለው ልጅ ነው፣ ሠራተኛ ነው፣ የተጣሉት ሰው ነው። ኖራልባን ደግሞ «እሷ» የምልበት ምክንያት ሌላ ነው፤ እሱን ስደርስበት ትረዱታላችሁ።

ትምህርቴ እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው። አባቴ በቅሎ ነጂ ነበር፣ አልደብቅም። ከተማችን ማኒሳሌስ ራሷ በበቅሎ ጀርባ የመጣች ናት። የዶኛ ሆቪታ አያት ውል አዋዋይ ነበሩ አሉ፤ ፎቶግራፋቸው ሳሎኑ ውስጥ ከነጺማቸው ተሰቅሏል። ከጎናቸው ያለው ባለወርቅ ቅብ መስታወት በምን ይመስላችኋል ያን ሁሉ ገደል የወጣው? መስታወቱ ሳሎን ገባ፤ ያመጡት ሰዎች ልጅ ግን ጋጣ ነው የሚገባው።

ቤቱ የድሮ ቤት ነው፤ ግድግዳው ቀርከሃና ጭቃ፣ የፎቁ ወለል ጣውላ። ከጣውላው ሥር አግዳሚው እንጨት፣ ከአግዳሚው ሥር ቀጭን ኮርኒስ፣ ከኮርኒሱ ሥር እነሱ። ላይ ሲያስነጥሱ ታች ይማርዎ የሚባልበት ቤት ነው። እኔ ላይ ነው የምኖረው።

ጠዋት ጎህ ሲቀድ ከአልጋ እወርድና ወደ መስኮቱ አምስት እርምጃ እሄዳለሁ፣ ተራራውን ጭጋግ ይዞት እንደሆነ ለማየት። አምስተኛውን ስረግጥ ከታች፣ ከማድ ቤቱ፣ የብረት ድስት ክዳን ሲነሳ ይሰማል። ለብሼ ስወርድ ደረጃው ላይ አንድ ኩባያ ትኩስ አጓፓኔላ፣ በጥሬ ስኳር የጣፈጠ ውሃ፣ ሳህን ተከድኖበት ይጠብቀኛል። ሁለት ዓመት ተኩል እንዲህ ኖርን። ማን እንዳስቀመጠው አልጠየቅሁም፤ አላስቀመጥኩም የምትልም አልነበረችም። አንድ ጊዜ ኖራልባ አይብ ጨመረችበት። እኔም ከዝግባ እንጨት ክዳን ሠርቼላት ኩባያው ላይ ተውኩት። በማግስቱ ሳህኑ ቀርቶ አጓፓኔላው በእኔ ክዳን ተከድኖ ጠበቀኝ። የዚያን ቀን ሥራ ላይ ጣቴን በመጋዝ ቆረጥኩ፤ ሐሳቤ የት እንደነበር ይገባችኋል።

ሁለት እሑድ ወደ ቺፕሬ ኮረብታ ወጥተን ፀሐይ ስትጠልቅ አይተናል። እሷ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት መምህርት። ጎን ለጎን ስንሄድ በመካከላችን አንድ ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት እንተዋለን፣ ሰው እንዳያወራ።

«ዶን አርሴሲዮ፣» አለችኝ በሁለተኛው እሑድ፣ «ግራ እግርዎ ምን ሆኖ ነው?»

«በቅሎ ረግጣኝ ነው፣ ልጅ ሳለሁ። ያስታውቃል እንዴ?»

«ሲያዩት አያስታውቅም። ሲሰሙት ነው። አምስተኛውን እርምጃ ሁልጊዜ ትንሽ ያዘገዩታል። እኔ ደግሞ ታች ሆኜ እስኪረግጡት ትንፋሼን ይዤ ነው የምጠብቀው።»

ሰው በኮርኒስ በኩል ሕመሜን ሲያውቅልኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ይህችው ሴት ናት እንግዲህ ደረጃው ላይ ጫማዋን ያየችው።

ከስድቡ በአራተኛው ቀን፣ በሆሳዕና ዋዜማ፣ ከኩባያው ሥር የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። ቃል በቃል እንዲህ ይላል፦

«አርሴሲዮ፣ አንተ ስትራመድ ታች እሰማለሁ። እግርህን ከሰማሁ በኋላ እንቅልፍ የለኝም፤ ትምህርት ቤት ሄጄም ጆሮዬ ውስጥ ነው። እናቴ ያለችህን ሰምተሃል። በዚህ ዓይነት መኖር አልችልም። ምን ይሻላል? መልስህን እጠብቃለሁ። ኖራልባ።»

ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ዶን የለም። እርስዎ የለም። አንተ። የእናቷ አፍ በልጂቱ እጅ ጽፎ መጣ። አጓፓኔላውን አልጠጣሁትም፤ እዚያው ቀዘቀዘ። ሦስተኛ ክፍል ፊደሉን እንጂ ከፊደሉ ሥር ያለውን አያስተምርም፣ ይህን አሁን አውቃለሁ። ያን ጊዜ ግን የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኮቴዬ እንቅልፍ ነስቷታል፣ ምን ይሻላል ብላ ጠይቃለች፣ መልስ ትጠብቃለች።

መልስ ልሰጣት ቆረጥኩ፣ እንደ አናጺ።

በዚያው ቀን እናትና ልጅ ሰሙነ ሕማማትን አክስት ዘንድ ሊያሳልፉ ወደ ጎረቤት ከተማ ኔይራ ሄዱ። እኔ ወደ እንጨት ሻጩ ኦቶኒኤል ወረድኩ። የፈረሰ ሲኒማ ቤት ግድግዳ ላይ የነበረ የቡሽ ንጣፍ መጋዘኑ ውስጥ ተከምሮ አቧራ ጠጥቶ ነበር።

«ለምንህ ነው?» አለኝ።

«ኮቴዬን ላጠፋ።»

«ወንድሜ፣ ሰው እንዲሰማለት ነው ሚስት የሚያገባው። አንተ እንዳትሰማ ቡሽ ትሸከማለህ?»

«አሸክመኝና ዝም በል።»

«ዝም እላለሁ፤ ቡሹ ያንተ ነው፣» አለና እየሳቀ አሸከመኝ።

ስለ ሥራው ልናገር፤ ሌላ የምመካበት የለኝም። በመጀመሪያ ዞኮሎውን፣ የግድግዳውን ግርጌ የሚከብበውን ቀጭን ጣውላ፣ ዙሪያውን ነቀልኩ። የአሮጌውን ጣውላ ስንጥቅ በሱፍ ጨርቅ ጠቀጠቅሁ፤ ድምፅ እንደ ውሃ ነው፣ ቀዳዳ ካገኘ ይወርዳል። በላዩ የቡሹን ንጣፍ ሁለት ድርብ፣ የአንዱ መገጣጠሚያ ከሌላው እንዳይገናኝ አድርጌ ዘረጋሁ። በቡሹ ላይ አዲሱን ጣውላ ጠርዝ በጠርዝ እያቆላለፍኩ በሙጫ ብቻ ገጠምኩ። ከግድግዳው ጋር አንድ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ትቼ እሱንም በቡሽ ሞላሁት። አዲሱ ወለል ቡሹ ላይ እንደ ጀልባ ይቀመጥ እንጂ ቤቱን የትም መንካት የለበትም። ዋናው ግን ምስማር ነው። አንዲት ምስማር ወደ አግዳሚው ካለፈች ያ ሁሉ ድካም ከንቱ ነው፤ ኮቴው በእሷ በኩል ወርዶ ኮርኒሱን ያንኳኳል። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚያ ነው፤ ጣውላው ከፍ ያለ ሲመስለው አንዲት ምስማር ይመታል።

እኔ አንድም አልመታሁም። የስቅለት ዕለት እንኳ ሠራሁ። በስቅለት መዶሻ የሚያነሳ፣ ምስማር የሚመታ ሰው እኛ ዘንድ የለም፤ የጌታን እጅ እንደገና እንደመቸንከር ነው። የእኔ ወለል ምስማር ስለሌለው ኃጢአት አልሆነብኝም። ቅዳሜ ጨረስኩ። ጫማዬን አድርጌ ከግድግዳ ግድግዳ ተራመድኩ። የራሴ እግር ለራሴ አልተሰማኝም። በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ ያማረው እሱ ነው። ያየው፣ የሰማው ግን የለም፤ ደግሞስ ያልተሰማን ነገር ማን ያመሰግናል?

ሰኞ በፋሲካ ማግስት ተመልሰው አደሩ። ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ተነሳሁ፣ አምስቱን እርምጃ ሄድኩ። ከታች ምንም። ክዳን አልተነሳም። ደረጃው ባዶ ነበር። ረቡዕም ባዶ።

ይኸው፣ አልኩ በልቤ፣ የፈለገችውን አገኘች። ጸጥታ ሰጠኋት፣ ኩባያዋን ወሰደች። በአሥራ አንድ ቀን ውስጥ በር ላይ ሁለት ጊዜ ተገናኘን። እሷ ጠብቃ አየችኝ፣ እኔ መሬት አየሁ። መሬት ማየትን ከማን ተማርኩና?

በአሥረኛው ቀን ዶኛ ሆቪታ ደረጃው ላይ ያዘችኝ፤ ፊቷ በርቷል።

«አንተ፣ አሁን ገና ሰው ሆንክ፣» አለችኝ። «መኖርህም አይታወቅ። ምን ያደርጋል፣ ኖራልባ ልትሄድ ስትል ነው ዝም ያልከው። ካሊ ከተማ፣ ወንድሟ ጋ፤ የማስተማር ሥራ አግኝቶላታል። ቅዳሜ ጠዋት ነው አውቶቡሷ።»

«መልካም መንገድ ይሁንላቸው፣» አልኩ። ወጥቼ አልጋዬ ላይ እንደተቀመጥኩ እራቴን ሳልበላ ቀረሁ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሥራ አስፈታኝና ቶሎ ገባሁ። መስኮቱ ጋ ቆሜ ጭጋጉ ጣራዎቹን አንድ በአንድ ሲውጥ እያየሁ ነበር። ዘወር ስል ኖራልባ ከክፍሉ መካከል ቆማለች። ፀጉሯ ረጥቧል። አልሰማኋትም። ከበሩ እስከዚያ ድረስ ተራምዳ መጥታ፣ እኔው በሠራሁት ወለል ላይ፣ አልሰማኋትም።

«በሩ ክፍት ነበር፣ ዶን አርሴሲዮ።»

«ይግቡ፣ ገብተዋል እንጂ።»

እግሯን አንስታ ወለሉን ረገጠችው። ምንም። እንደገና፣ እንደ ልጅ፣ በኃይል ረገጠችው። እንደ ሬሳ ዝም ያለ ወለል። ሳቅ የመሰለ ነገር ፊቷ ላይ መጣና ጠፋ።

«እንዴት አድርገው ሠሩት? እውነት፣ እንዴት ያለ እጅ ነው? አሥራ አንድ ቀን ኮርኒስ ኮርኒሱን ሳይ ከረምኩ። ድስቱን ይዤ እቆማለሁ። አሁን ይነሳል፣ አሁን ይረግጣል እያልኩ። ውሃው ፈልቶ ፈልቶ ይደርቃል። እማዬ ‹ተገላገልን› ትላለች። እኔ… ደክሞኛል፣ ዶን አርሴሲዮ። አይሆንም ማለት ይችሉ ነበር እኮ። አንድ መስመር መጻፍ። ሰው ለደብዳቤ በቡሽ ይመልሳል?»

«ጸጥታ የለመኑኝ እርስዎ አይደሉም?»

«እኔ?»

ደብዳቤውን ከሸሚዜ ኪስ አወጣሁት። ከደረቴ ላይ ስለወጣ አየችኝ፤ እኔም አፈርኩ። ተቀብላ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበችው፣ የሌላ ሰው ጽሕፈት ይመስል።

«‹እግርህን ከሰማሁ በኋላ እንቅልፍ የለኝም›… ይህን ምን ብለው ነው ያነበቡት?»

«እንደተጻፈው።»

«አምላኬ።» የመስኮቱ ደፍ ላይ ተደገፈች። «‹በዚህ ዓይነት መኖር አልችልም› የሚለውንስ?»

«እንደተጻፈው አልኩዎት። ደግሞ አንተ ብለውኛል። እናትዎ እንደሚሉኝ። ዶን እንኳ የለውም። እኔ በደንብ ማንበብ ባልችልም አንተ የሚለውን ቃል ግን አውቀዋለሁ፣ በየቤቱ ሲጠሩኝ ነው የኖርኩት።»

ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል።

«ዘፈን ላይ ማን እርስዎ ይላል?» አለች፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። «በሬዲዮ፣ በመጽሐፍ፣ የፍቅር ደብዳቤ ሁሉ አንተ ነው የሚለው። እኔ በዕድሜዬ ጎልማሳ ወንድ አንተ ብዬ አላውቅም። ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ። በመጀመሪያው ዶን አርሴሲዮ፣ እርስዎ ብዬ ጀምሬ የትምህርት ቤት ማስታወቂያ መሰለብኝ። በአራተኛው ላይ ዓይኔን ጨፍኜ አንተ አልኩ። ይኸው፣ ፊደሉን ይዩት።»

አየሁት። እውነት ነው፤ «አ»ዋ ጠማማ ናት። ሦስት ጊዜ አንብቤ ያችን አላየኋትም።

«የቅዱስ ዮሴፍ ዕለትስ ለምን ዝም አሉ?» ያልኩት ለምን እንደሆነ አላውቅም። ሌላ ሰው ይህን ሁሉ ሰምቶ እጇን ይይዛል። እኔ ሒሳቤን ፈለግሁ።

«ፈርቼ፣» አለች። ሌላ ምክንያት አልፈለገችም። «ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ እናቴን እፈራለሁ። ይህን ሰምተው ይናቁኝ። ግን ነገ ጠዋት አውቶቡስ አለ፣ እና አልፈልገውም። አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ። ከእናቴ በቀር አንቺ ያለኝ የለም፣ እሷም ስትቆጣኝ ነው። አንድ ጊዜ እርስዎ አንቺ ይበሉኝ። አንድ ጊዜ። እቀራለሁ።»

ቃሉ አፌ ላይ ነበር፤ አንቺ። ትንሽ ቃል ናት። ነገር ግን አባቴ ለእናቴ ያላላትን፣ እኔም ሲወረወርብኝ የኖርኩትን ቃል ለምወዳት ሴት እንዴት እንደምሰጥ አላወቅሁም። አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ወረቀት ላይ «እሷ» ማለት ይቀለኛል፤ ወረቀት ዓይን የለውም። የእሷ ዓይን ግን እኔ ላይ ነበር። ተስፋው ከውስጡ ቀስ እያለ ሲወጣ አየሁት።

«ኖራልባ!» አለች ዶኛ ሆቪታ ከደረጃው፣ እያለከለከች። «እዚያ ላይ ነሽ? ሻንጣሽ ተከፍቶ የት ትዞሪያለሽ?»

መጥታ በሩን ይዛ ቆመች። እኔን አየች፣ ልጇን አየች፣ በልጇ እጅ ያለውን ወረቀት አየች።

«በል እንግዲህ፣ በቅሎው ደግሞ ደብዳቤ ማንበብ ጀመረ።»

«እማዬ፣» አለች ኖራልባ። ፊቷ ነጭ ሆኗል። «ዶን አርሴሲዮ ይበሏቸው።»

«ምን?»

«ዶን አርሴሲዮ፣ እርስዎ፣ ይበሏቸው። ያን ዕለት ልልዎት ይገባኝ ነበር። ዛሬ አልኩ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ደብዳቤውን አልጋዬ ላይ አስቀመጠች። «እርስዎም ደህና ይሁኑ። መልስዎን ሰምቻለሁ።» በእናቷ ጎን አልፋ ወረደች። ደረጃው የድሮ እንጨት ነው፣ እያንዳንዱ እርምጃዋ ተሰማኝ። አሥራ ሦስት።

ዝም ማለቴን መልስ አድርጋ ወሰደችው። እኔም ያን ዕለት የእሷን ዝምታ እንደዚሁ ነበር የወሰድኩት።

የዕቃ ሳጥኔን ከአልጋው ሥር ሳብኩ። መዶሻዬን አወጣሁ፤ ከታች ደግሞ ለአግዳሚ የምንጠቀምበትን የስንዝር ምስማር። መስኮቱ ጋ፣ አምስተኛው እርምጃዬ የሚያርፍበት ላይ፣ ልክ ከማድ ቤቱ ምድጃ በላይ ተንበረከክሁ። ጣውላው ያበራል፤ ሁለት ጊዜ ሰም ቀብቼዋለሁ። ምስማሩን አቆምኩ። እጄ እንዲህ ያለ ነገር በራሱ ሥራ ላይ አድርጎ አያውቅም፣ እንቢ ሊለኝ ፈለገ። መታሁ። ጣውላውን፣ ቡሹን፣ ሌላውን ቡሽ፣ አሮጌውን ጣውላ አልፎ አግዳሚው ውስጥ ሲነክስ በክንዴ ተሰማኝ። አራት ምት። በአራተኛው ቤቱ ሁሉ ጮኸ።

«አብደሃል?» አለች ዶኛ ሆቪታ። «ቤቴን ልታፈርስ ነው? ልጄንስ ምን ብለሃት ነው እያለቀሰች የወረደችው? አንተን እኮ ነው። መልስ እንጂ፣ በቅሎ!»

ተነሥቼ ወደ በሩ፣ ወደ እሷ ሄድኩ። ከቅዱስ ዮሴፍ ዕለት ጀምሮ ያዘጋጀሁላት መልስ ነበረኝ። ስለ መስታወቱ፣ ስለ አያቷ ጺም፣ ስለ አባቴ። ሁሉም በተራ በተራው አፌ ውስጥ ተሰልፎ ቆሞ ነበር። አየኋት። ደረጃ የወጣች፣ ትንፋሽ ያጠራት አሮጊት ናት፤ ነገ ጠዋት ብቻዋን የምትቀር ደግሞ እሷም ናት።

ጀርባዬን ሰጠኋት።

ከበሩ ተመልሼ ከአልጋዬ ጎን ወደ መስኮቱ መሄድ ጀመርኩ። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት። እነዚህ አልተሰሙም፤ ጥሩ አድርጌ ነው የሠራኋቸው። ከኋላዬ «መልስ እንጂ» ትላለች። ከታች ከማድ ቤቱ ምንም አይሰማም። ኖራልባ ሻንጣውን እየዘጋች ይሆናል፣ ወይም ኮርኒሱን እያየች።

አምስተኛውን፣ ግራውን፣ እንደ ልማዴ ትንሽ አዘገየሁት። ከዚያ ለዶኛ ሆቪታ ሳልመልስ ምስማሩ ላይ ረገጥኩ፤ ኮቴዬ ወደ ማድ ቤቱ ወረደ።